የሉት ተጫዋቹ ጣት ሌላ፣ ጆሯችን የሚሰማው ሌላ

የማጀቢያ አድማጭ (ይህን የውይይት ክር የከፈተችው)

ሰሞኑን በእንግሊዙ ንጉሥ በሄንሪ 8ኛ ዙሪያ የተሠሩ ተከታታይ ድራማዎችን መልሼ እያየሁ ነው። አለባበሱ እስከ እጅጌው ጥልፍ ድረስ ተጠንቷል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ምንጣፍ፣ መቅረዙ፣ የማዕዱ አቀራረብ ሳይቀር የታሪክ አማካሪ እንዳየው ያስታውቃል። ሙዚቃው ላይ ሲደረስ ግን «አሮጌ ይምሰል እንጂ የፈለገው ይሁን» የተባለ ይመስላል።

አንድ ትዕይንት ልጥቀስ። በመስኮቱ ጥግ አንድ ወጣት ሉት (እንደ ጊታር የሚደረደር ሆደ ክብ የክር መሣሪያ) ታቅፎ ተቀምጧል። ካሜራው እጁን ያሳየናል፤ ቀኝ እጁ እንደ ጊታር ከላይ ወደ ታች ይጠርጋል። የምንሰማው ግን ክር በክር የሚደረደር ለስላሳ ዜማ ነው፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ አንድ ሙሉ ኦርኬስትራ ከየት መጣ ሳይባል ይገባበታል። በሄንሪ ዘመን የነበረው ሉት ስድስት ረድፍ ክር ነበረው፤ ቀጭኑ ነጠላ፣ የቀሩት አምስቱ ጥንድ ጥንድ። ትንሿ ጣት በሣጥኑ ፊት ላይ ታርፋለች፣ አውራ ጣትና ሌባ ጣት እየተፈራረቁ ይመታሉ። ሰይፍ አያያዝ ለማስተማር ወራት የሚሰጡት ተዋናይ ይህን ለመልመድ ጥቂት ቀን አይበቃውም?

አቋሜን ልናገር። ተመልካቹ ብቻ የሚሰማው ማጀቢያ የአቀናባሪው ነጻነት ነው፤ አልከራከርበትም። በታሪኩ ውስጥ ያሉት ሰዎች የሚዘፍኑት፣ የሚጨፍሩበትና የሚሰሙት ግን የዘመኑ ሙዚቃ መሆን አለበት። የማይቻል ነገር አልጠየቅሁም። ቢቢሲ በ1970 (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የሄንሪን ስድስት ሚስቶች በተከታታይ ድራማ ሲያቀርብ፣ በዓመቱም ግሌንዳ ጃክሰን ኤልሳቤጥ 1ኛን ሆና ስትጫወት፣ ሙዚቃውን የያዘው ዴቪድ መንሮው ነበር። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ይህ ሰው የጥንቶቹን የትንፋሽ መሣሪያዎች፣ የሪኮርደርን፣ የክራምሆርንንና የሻውምን ድምፅ ከሊቃውንት ክፍል አውጥቶ በየቤቱ ሳሎን አስገባው። ከዚያ ወዲህ ከሃምሳ ዓመት በላይ አልፏል። ወደ ኋላ የተመለስነው ለምንድን ነው?


ባለ ቅኝት

እህቴ፣ «የዘመኑ ሙዚቃ» የምትይው የትኛውን ነው? ኖታውን ከሆነ አዎ፣ ሞልቷል። ፓሪስ ውስጥ ፒየር አቴንያን ከ1530 ገደማ ጀምሮ የጭፈራ ዜማዎችን ያትም ነበር። አንትወርፕ ላይ ቲልማን ሱሳቶ በ1551 ያወጣው የጭፈራ መጽሐፍ ዛሬም ታሪካዊ ፊልም ሠሪዎች ሁሉ የሚዘግኑበት ጎተራ ነው። ነገር ግን ሱሳቶ በመጽሐፉ ሽፋን ላይ ዜማዎቹ ለማንኛውም የሙዚቃ መሣሪያ እንደሚስማሙ ነው የጻፈው። በሻውም ይሁን በቫዮል (በቀስት በሚመታው የክር መሣሪያ) አልወሰነም። ፍጥነቱን አልጻፈም፣ ከበሮውን አልጻፈም። የድምፁ ከፍታም ከከተማ ከተማ ይለያይ ነበር።

ስለዚህ ከመንሮው የሰማሽው የ16ኛው መቶ ዘመን ኖታ በ1970ዎቹ ጣዕም ተቀብቶ ነው። አንዱን ዜማ መጀመሪያ በክራምሆርን፣ ቀጥሎ በሪኮርደር፣ ከዚያ ከበሮና ጸናጽል ጨምሮ እየቀያየሩ ማቅረብ የእሱ ትውልድ ፍቅር ነው። እኔም እወደዋለሁ። ግን «እውነተኛው ይህ ነው» ብዬ አልምልበትም።


እግረ ቀላል

ስለ ፍጥነቱ ግን መረጃ የለም አይባልም። የታሪካዊ ጭፈራ ሥልጠና ወስጃለሁ። ቱዋኖ አርቦ የተባለው የፈረንሳይ ቄስ በ1589 ባሳተመው መጽሐፍ እርምጃውን ከኖታው ጎን ለጎን ጽፎታል፤ ፓቫን ለሚባለው ዝግተኛ ጭፈራ የከበሮውን ምት ሳይቀር አስቀምጧል። ጋልያርድ የሚባለው የዝላይ ጭፈራ በስድስት ምት ውስጥ አምስት እርምጃ ነው፤ አምስተኛው ከዝላይ በኋላ የሚያርፉበት ነው። እዚያ ላይ ሰውነት ራሱ ይፈርዳል። ሙዚቃው ከፈጠነ ዘለህ ሳታርፍ ምቱ ያልፍሃል፤ ከዘገየም አየር ላይ ልትቆይ አትችልም። አርቦ ጋልያርድ ቱርዲዮን ከሚባለው ተቀራራቢ ጭፈራ የሚዘገየው ዝላዩ ከፍ ስለሚል ነው ይላል። እና ባለ ቅኝት፣ ፍጥነቱ በወረቀቱ ላይ ባይኖርም በጉልበታችን ላይ አለ።

በድራማዎቹ ላይ የማየው ጭፈራ ግን ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ የመጣ ይመስላል፤ ሁሉም እጅ ለእጅ ተያይዞ በቀስታ ይንሳፈፋል። ኤልሳቤጥ 1ኛ በ1589፣ በ56 ዓመቷ ማለት ነው፣ በአንድ ጧት ስድስት ሰባት ጋልያርድ መጨፈር የዘወትር ልማዷ እንደሆነ አንድ የቤተ መንግሥቷ ሰው በደብዳቤ ጽፏል። ላቧ ጠብ እስኪል የምትዘል አሮጊት ንግሥት በየትኛው ድራማ አይታችኋል? እኔ አላየሁም።


ድምፅ ቀራጭ

በቀረጻ ቦታ ድምፅ የምቀዳ ሰው ነኝ፤ ነገሩ ከውስጥ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

የጭፈራ ትዕይንት ሲቀረጽ ሙዚቃው አስቀድሞ በስቱዲዮ ይቀዳል። በዕለቱ ከድምፅ ማጉያ ይለቀቅና ጨፋሪዎቹ ምቱን ይይዛሉ። ከዚያ ሁለቱ ዋና ተዋንያን መነጋገር ሲጀምሩ ሙዚቃው ይቆረጣል፤ ንግግሩ ንጹሕ ሆኖ መቀዳት አለበትና። ሠላሳ ሰው በጸጥታ ይጨፍራል። ምቱ እንዳይጠፋባቸው አንዳንዴ እጅግ ወፍራም የሆነ ጉም ጉም የሚል ምት ብቻ በወለሉ ላይ ይለቀቅላቸዋል፤ እሱን በኋላ ከንግግሩ ለይቶ ማጥፋት ይቻላል። ከጥግ የተቀመጡት ሙዚቀኞች ደግሞ ቀስታቸውን ክሩ ላይ ሳያሳርፉ ያመላልሳሉ፤ እንዳይጮኽ ቀስቱን ሳሙና የሚቀቡትም አሉ። እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ አርታዒው ትዕይንቱን ሲቆርጠው፣ ዳይሬክተሩም «እዚህ ጋ ስሜት ይጨመር» ሲል፣ ያ የተጠናው ጋልያርድ ተነሥቶ ቫዮሊን ይገባል። የሚገድለው የአርትዖት ክፍሉ ነው፤ ድንቁርና ብቻ አይመስላችሁ።

ገንዘቡንም አትርሱ። የ1551 ዜማ ባለቤት የለውም፤ ማንም ይጫወተው። አዲስ የተደረሰ ማጀቢያ ግን መብቱ ተመዝግቦ በተላለፈ ቁጥር ገቢ ያመጣል። ይህን የማያሰላ አምራች የለም።


ወለተ ሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ የሙዚቃ ተማሪ አይደለሁም፤ በዐቢይ ጾም በገና የምደረድር ሴት ነኝ። ግን እዚህ አሜሪካ አንድ የጥንት ሙዚቃ ኮንሰርት ላይ ያየሁትን ላካፍላችሁ።

መድረኩ ላይ የቀረበችው ትንሽ የአውሮፓ በገና ናት፤ በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዘመን የነበረችው ዓይነት። ተጫዋቿ መምታት ስትጀምር ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። ድምፁ ይነዝራል! በቴሌቪዥን የምናውቀው የመላእክት በገና፣ ያ እንደ ውኃ የጠራ ድምፅ፣ የለም። ሻካራ፣ የሚያጉረመርም፣ ሣጥኑ እስኪርገበገብ የሚነዝር ነው። ካበቃ በኋላ ቀርቤ አየሁት። እያንዳንዱ ክር ከሣጥኑ በሚወጣበት ላይ የተቆለመመች ትንሽ የእንጨት ችንካር አለች፤ ጫፏ ክሩን ለጥቂት ትነካዋለች፤ ክሩ ሲመታ እሷ ላይ ይንቀጠቀጣል። የእኛ በገና እንዚራ ማለት አይደለም? በአሥሩ ክር ሥር የምናስገባት ቁራጭ ቆዳ ሥራዋ ይኸው ነው። ቆዳዋ ወደፊት ወይም ወደኋላ ትንሽ ከተዛነፈች ድምፁ ይሞታል፤ እኔ ለማስተካከል የምፈጀውን ጊዜ ሳስብ ያቺን ሴት ማቀፍ አማረኝ። ክሯም የበግ አንጀት ነው፤ እኛ ጋ ብዙው ሰው ወደ ናይለን ሳይሻገር በፊት እንደነበረው።

ለዚያ ዘመን ሰው ይህ የተለመደ የበገና ድምፅ ነበር አለችኝ። ታዲያ ድራማው ላይ ለምን አይሰማም? መልሱ ቀላል ይመስለኛል፤ የአውሮፓ ተመልካች «ተበላሽቷል» ይላል ብለው ይፈራሉ። የእኛ ሰው ቢሆን ይህንን ድምፅ ከሕፃንነቱ ያውቀዋል።


ባለ ቅኝት

ወለተ፣ ከዚህ ውይይት ሁሉ አንቺ የጻፍሽው ይበልጣል። እኔ ስለ ኖታ ስከራከር አንቺ ስለ ድምፅ ተናገርሽ። ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው። ዜማው ትክክል ሆኖ በፋብሪካ ክርና በዘመናዊ በገና ከተመታ ግማሹ ብቻ ነው የደረሰው።


ተጠራጣሪው

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ድራማ የሚታየው በፈተና ወረቀት ነው እንዴ? ሙዚቃው ልብ ካልነካ ትክክለኛነቱ ምን ይሠራል? ክራምሆርን የሚባለውን ዛሬ ፈልጌ ሰማሁት። ሳቅ ነው የመጣብኝ። የሄንሪ ሁለተኛ ሚስት አን ቦሊን ወደ መሰየፊያዋ ስትራመድ ይህ ነገር ቢነፋ ቤቱ ሁሉ ይስቃል። የ1536 ሰው ሐዘን የሚሰማበት ድምፅና የእኔ ሐዘን የሚሰማበት ድምፅ አንድ አይደለም። የአቀናባሪው ሥራ ይህንን ገደል መሻገር ነው።

በ2016 የጀመረውን፣ የፍሎረንስ ባለጸጋ ቤተሰብ የነበሩትን የሜዲቺዎቹን ድራማ ተመልከቱ። የመግቢያ ዘፈኑን የዘፈነችው ስካንክ አናንሲ የሚባለው የሮክ ባንድ ድምፃዊት ስኪን ናት። ማንም ሰው ኮዚሞ ዴ ሜዲቺ ሮክ ይሰማ ነበር ብሎ አይሳሳትም። ሐቀኛ ነው። ስለ ሄንሪ 8ኛ በተሠራው «ዘ ቱዶርስ»ም የትሬቨር ሞሪስ የመግቢያ ሙዚቃ በ2007 ኤሚ የተባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት ያገኘው ሰው ስለወደደው ነው።


የማጀቢያ አድማጭ

ተጠራጣሪው፣ አን ቦሊን ስትሄድ ክራምሆርን ይነፋ ያለህ ማነው? እዚያ ላይ ማጀቢያው የአቀናባሪው ነው ብዬ ከመጀመሪያው ጽፌያለሁ። ስለ ሜዲቺዎቹም እስማማለሁ፤ በግልጽ የዛሬ የሆነ ነገር አያታልልም። እኔን የሚያናድደኝ ግማሽ እውነት ነው።

እዚያው «ዘ ቱዶርስ» ላይ ሄንሪ ሉቱን ይዞ «ግሪንስሊቭስ» የተባለውን የታወቀ የእንግሊዝ ዘፈን ሲደርስ እናያለን። ይህ ዘፈን ለንደን ውስጥ ለኅትመት የተመዘገበው በ1580 ነው። ሄንሪ የሞተው በ1547። ዜማው የቆመበት የጣሊያን ስልትም እንግሊዝ የገባው ከእሱ በኋላ እንደሆነ ነው የሙዚቃ ታሪክ ሰዎች የሚናገሩት። አቀናባሪው ቶማስ ታሊስም በመጀመሪያው ምዕራፍ ቤተ መንግሥት ውስጥ ይዞራል፤ እውነተኛው ታሊስ የንጉሡን ጸሎት ቤት የተቀላቀለው በ1540ዎቹ መጀመሪያ ነው። ተመልካቹ «አማካሪ ስላላቸው እውነት ይሆናል» ብሎ ይቀበለዋል። የሚያሳዝነው ደግሞ ሄንሪ የራሱ ዘፈን ያለው መሆኑ ነው! «ፓስታይም ዊዝ ጉድ ካምፓኒ» በብሪቲሽ ላይብረሪ ባለው የእጅ ጽሑፍ ላይ በስሙ ተቀምጧል። ወጣት፣ ጉልበተኛ፣ አደንና ጨዋታ የሚወድ ንጉሥ ነው የሚዘፍነው። ለገጸ ባሕርይ ከዚህ የተሻለ ምን ይፈለጋል?


መምህር ዘ አራት ኪሎ

ልጆቼ፣ ሞቅ ያለ ነው ክርክራችሁ፤ ጡረተኛ የሙዚቃ መምህር እንዲገባበት ይፈቀድ።

ሁላችሁም የምትነጋገሩት ስለ ድምፅ ነው። እኔ ደግሞ ማን፣ የት፣ ለማን ይጫወት እንደነበር ነው የምጠይቀው። በዚያ ዘመን ሙዚቀኛው በሁለት ወገን ይከፈል ነበር። ከፍ ያለ ድምፅ ያላቸው መለከት፣ ሻውምና ሳክበት (የጥንቱ ትሮምቦን) ለአደባባይ፣ ለግብር አዳራሽና ለጭፈራ፤ ለስላሶቹ ሉት፣ ቫዮል፣ ሪኮርደርና ቨርጂናል (ትንሽ ባለ ቁልፍ የክር መሣሪያ) ለእልፍኝ። ድራማዎቹ ይህን ድንበር አያውቁትም። በሺህ ሰው ግብር ላይ አንድ ሉት ሲደረደር ታያላችሁ፤ ከሁለተኛው ገበታ የተቀመጠ ሰው እንኳ ሊሰማው አይችልም። ሄንሪ ሲሞት በተደረገው ቆጠራ ከ70 በላይ ሪኮርደር ተገኝቷል። ይህን ሁሉ ያከማቸው አንድ ሰው እንዲነፋው አይደለም። በ1540 ገደማ ከቬኒስ ያስመጣቸው የባሳኖ ወንድማማቾች ከትልቁ እስከ ትንሹ ሪኮርደር በአንድ ላይ ይነፉለት ነበር።

ተጠራጣሪው ልብ የሚነካ ታሪክ ፈለገ አይደል? እነሆ። ማርክ ስሜተን የንጉሡ እልፍኝ ሙዚቀኛ ነበር። አን ቦሊን በእንግዳ መቀበያዋ ክፍል በመስኮቱ ውስጥ ቆሞ ስታገኘው ምን እንዳሳዘነው ጠየቀችው፤ ግድ የለም አላት። እሷም ዝቅተኛ ሰው ስለሆንክ እንደ መኳንንት እንዳናግርህ አትጠብቅ አለችው። እሱ ደግሞ፣ አንድ እይታ ይበቃኛል ብሎ ሄደ። ይህን የተናገረችው ራሷ ናት፣ ለንደን ግንብ ውስጥ ታስራ። ስሜተን ከንግሥቲቱ ጋር አመንዝረሃል ተብሎ ግንቦት 17 ቀን 1536 ከአራት ባለማዕረጎች ጋር ተገደለ። ከእነሱ ውስጥ አመንኩ ያለው እሱ ብቻ ነው። ሉት የሚደረድር ሰው በዚያ ቤት ምን ያህል ቅርብ፣ ምን ያህልም ባዳ እንደነበር ይህ ይነግራችኋል። እሱን የሚጫወት ተዋናይ እጁ ክሩን ካላወቀ፣ ይህ ሰው ያለ ሙያው ምንም እንዳልነበር እንዴት ያሳየናል?

ሌላም አለ። ጆን ብላንክ የሚባል ጥቁር መለከት ነፊ በሄንሪ 7ኛና በ8ኛ ቤተ መንግሥት አገልግሏል። በ1511 በዌስትሚንስተር ለተደረገው የፈረሰኞች ግጥሚያ በተሣለው 18 ሜትር ገደማ በሚረዝም ጥቅል ብራና ላይ ሁለት ጊዜ ይታያል፤ ራሱን ጠምጥሞ፣ ፈረስ ላይ ተቀምጦ። ደመወዙ በቀን 8 ፔንስ ነበር። አንድ ባልደረባው ሲሞት የእሱ ቦታና 16 ፔንስ ይሰጠኝ ብሎ ለንጉሡ አመለከተ፤ ተፈቀደለት። ድራማ ጸሐፊ ይህን ይዞ ምን ያህል ሊጓዝ እንደሚችል አስቡት።


ባለ ቅኝት

መምህር፣ በደመወዝ ነገር አንድ ልጨምር። በ1502 የጣሊያኗ ፌራራ መስፍን ኤርኮሌ አቀናባሪ ሲፈልግ ወኪሉ የጻፈለት ደብዳቤ አለ። ኢዛክ የተባለው አቀናባሪ ተግባቢ ነው፣ አዳዲስ ሥራም ቶሎ ቶሎ ያወጣል፤ 120 ዱካት (የወርቅ ገንዘብ) ይበቃዋል። ሌላው አቀናባሪ ጆስካን የተሻለ ይደርሳል፣ ግን ሲፈልግ ነው እንጂ ሲታዘዝ አይደለም፤ የሚጠይቀውም 200 ዱካት ነው። መስፍኑ ጆስካንን ቀጠረ። ጆስካንም የመስፍኑን ስምና ማዕረግ አናባቢዎች ወደ ኖታ ቀይሮ በዚያ ዜማ ላይ አንድ ሙሉ ቅዳሴ ገነባለት። ይህን የሚያሳይ አንድ ክፍል ቢሠራ እኔ እስክታመም አየዋለሁ።

ለውይይቱ ከፋች ደግሞ መልካም ዜና። በ2015 የወጣው፣ በሄንሪ ቤተ መንግሥት ዙሪያ የተሠራው ድራማ «ዎልፍ ሆል» የጠየቅሽውን አድርጎታል። ማጀቢያውን ዴቢ ዋይዝማን፣ የቱዶር (የሄንሪ ሥርወ መንግሥት) ዘመኑን ሙዚቃ ደግሞ ክሌር ቫን ካምፐን ለየብቻ ይዘውታል። ቫን ካምፐን በሼክስፒር ግሎብ ቴአትር የመጀመሪያዋ የሙዚቃ ኃላፊ የነበረች ሴት ናት፤ መሣሪያ የያዘ ሰው መድረክ ላይ ማቆም የዕለት ሥራዋ ነበር።


ተጠራጣሪው

መምህር፣ የስሜተን ታሪክ ገባኝ። ግን ልብ ይበሉ፤ የነካኝ ታሪኩ ነው፣ የሉቱ ረድፍ ቁጥር አይደለም። ሙዚቃው ታሪክ ሲሆን አምጡት። ለጌጥ ከሆነ ቫዮሊኑ ይሻለኛል።


መምህር ዘ አራት ኪሎ

ለጌጥ ከሆነማ እኔም አልፈልገውም፣ ልጄ።


የታሪክ ወዳጅ

ማንም ያላነሣውን ላንሣ። ይህ ሙዚቃ እኮ በዘመኑ እኛ አገር ደርሷል። በ1520 በዶም ሮድሪጎ ደ ሊማ የሚመራው የፖርቱጋል መልእክተኛ ቡድን ምጽዋ ወርዶ ወደ ዓፄ ልብነ ድንግል ከተማ ሲጓዝ፣ አብሯቸው የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የስጦታውን ዝርዝር ጽፏል፤ ሰይፍ፣ ጩቤ፣ የግድግዳ ምንጣፎች፣ ጥሩርና የራስ ቁር፣ ሁለት አነስተኛ መድፎች፣ የዓለም ካርታ፣ ኦርጋንም። ኦርጋን የሚጫወት ሰውም ከቡድኑ ውስጥ ነበር። ስድስት ዓመት ያህል ቆይተው ነው የተመለሱት።

እንግዲህ አንድ ኢትዮጵያዊ ዳይሬክተር ይህን ቢቀርጽ ምን ያሰማናል? በአንድ ወገን የንጉሡ ነጋሪትና መለከት፣ በሌላ ወገን በድንኳን ውስጥ የተከፈተ የሊዝበን ኦርጋን። እዚህ ላይ ማጀቢያ ኦርኬስትራ ቢገባ ትዕይንቱ ራሱ ይጠፋል፤ ሁለቱ ድምፆች መገናኘታቸው ነው ታሪኩ።


ወለተ ሲልቨር ስፕሪንግ

አቤት! ይህንንማ ለማየት ትኬት ቆርጬ አዲስ አበባ እመጣለሁ። ግን ኦርጋኑን በኮምፒውተር ድምፅ እንዳይተኩት።


ባለ ቅኝት

የአይቤሪያ (የስፔንና የፖርቱጋል) ቤተ መንግሥቶች ዘፈን ስብስብ በማድሪድ ቤተ መንግሥት የእጅ ጽሑፍ ውስጥ አለ፤ የስፔናዊው አቀናባሪ የሁዋን ዴል ኤንሲና ሥራዎች ብዙዎቹ እዚያ ናቸው። ለዚያ ትዕይንት የምመርጠው ከእሱ ነው። አጭር፣ ሦስት አራት ድምፅ ያለው፣ ከአገሩ ርቆ የሄደ ሰው ማታ በድንኳኑ ሊዘፍነው የሚችል ነገር።


ድምፅ ቀራጭ

እኔ ደግሞ ተግባራዊውን ልናገር። በበቅሎ ተጭኖ የሚሄድ ኦርጋን ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ወናፍ አለው። ከጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ዓይነት ከሆነ ተጫዋቹ በሁለት እጁ ሲጫወት ከኋላ ወናፉን የሚረግጥ ወይም የሚያነሣ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ያ ወናፍ ይተነፍሳል፣ እንጨቱ ይንቋቋል። በስቱዲዮ ንጹሕ ሆኖ ተቀድቶ ከመጣ የምናጣው ይህንን ነው። ስለዚህ እኔ ብሆን በዚያች ትዕይንት ሙዚቃውን እዚያው በቦታው እቀዳለሁ፤ ተዋንያኑም እስኪያልቅ አይናገሩም። አንዱን ማይክሮፎን ወናፉ አጠገብ አደርጋለሁ።


ተጠራጣሪው

ይህንን እቀበላለሁ። የወናፍ ነፊውን የቀን አበል ግን ማን ይከፍላል? ጆን ብላንክ ቢኖር እጥፍ ይጠይቅ ነበር።


የማጀቢያ አድማጭ

ከስሞክ ማሽኑ በጀት ላይ ይቀነስ። በእነዚህ ድራማዎች ጭሱ ራሱ ከመጠን በላይ ነው፤ ስለ እሱ ሌላ የውይይት ክር እከፍታለሁ።